መጅ

ዶን ኪሾት ፈረሱን ኮልኩሎ፣ ጦሩን አነጣጥሮ የገጠመው ከነፋስ ወፍጮ ጋር መሆኑን ያልሰማ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይኖርም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1605 ታተመ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የማይሆን ጠብ የሚያነሣ ሰው በዚያው ባላባት ስም ይጠራል። እኛ ክፍል ይህ ነገር ሲነሣ ታዲያ ከኋላ ወንበር አንድ የገጠር ልጅ እጁን አወጣና፣ «ይቅርታ፣ እኔ ወፍጮ ሲባል የሚታየኝ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ነው። ሰውየው ከወፍጮ ቤት ጋር ምን አጣላው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ መቼም የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ሳቅ አይከለከልም። ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላም ከእኔ ጋር ፋሲሎ ድረስ መጣ።

እውነት ነው፤ የነፋስ ወፍጮን የት እናውቀዋለን? ከሥዕል በቀር ያየነው የለም። የግንብ ወይም የእንጨት ማማ ነው፤ አናቱ ላይ አራት ክንፍ አለው፤ ክንፉ ላይ ሸራ ይወጠራል፤ ነፋስ ሲመጣ ክንፉ ይዞራል፤ ክንፉ የእንጨት ጥርስ ያለውን ትልቅ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩ ደግሞ ድንጋይን በድንጋይ ላይ ያሽከረክራል። ከዚያ በኋላ ያለው ዱቄት ነው። ከፋርስ እስከ ስፔን፣ ከስፔን እስከ ሆላንድ በየአገሩ በየዓይነቱ ሠርተውታል። ሆላንዶች እንዲያውም እህል መፍጨት አልበቃቸው ብሎ ውሃ አስቀድተውበታል። ኪንደርዳይክ በሚባለው ሰፈራቸው እ.ኤ.አ. በ1740 አካባቢ የተሠሩ 19 ወፍጮዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሥራቸው ከባሕር በታች ያለውን መሬት ከውሃ ማድረቅ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

እኔን የገረመኝ ግን ምዝገባው አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚያች ትንሽ አገር ወደ 10,000 የሚጠጋ የነፋስ ወፍጮ ነበረ። እንፋሎት መጣ፣ ከዚያ ናፍጣ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ፤ ዛሬ የቀረው ከ1,000 ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀሩትን ሲጠግኑ አንድ ነገር ተማሩ፦ ወፍጮ ቆሞ ከዋለ ይበሰብሳል። ክንፉ ካልዞረ እንጨቱ ውሃ ይይዛል፣ ነቀዝ ይገባበታል፣ ጥርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ ጠግነው አልቆለፉትም። እ.ኤ.አ. በ1972 የበጎ ፈቃደኛ ወፍጮ አንቀሳቃሾች ማኅበር አቋቋሙ፤ መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ ጡረተኛው በዕረፍት ቀኑ ሄዶ ሸራ ይወጥራል፣ ነፋስ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ እንደገና መዘገበ፤ በዚህኛው ጊዜ የመዘገበው ድንጋዩንና እንጨቱን ሳይሆን የባለ ወፍጮውን ሙያ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ደግሞ የነፋስ ወፍጮ ጨርሶ አልታየም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ በዳሰነች አገር፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሰዎች የቀርጤስን ደሴት የሸራ ወፍጮ አስመስለው ሠርተው ከኦሞ ውሃ እየቀዱ አትክልት ያጠጡበት ነበር። ፒተር ፍሬንከል የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለዚሁ አንድ ዘገባ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ነፋስ በአገራችን በትልቁ ሥራ የጀመረው ለኤሌክትሪክ ነው፤ 120 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለው የአሸጎዳ ጣቢያ በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። እህል የፈጨ ነፋስ ግን አላጋጠመኝም።

ጣና ዳር ነፋስ ጠፍቶ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣውን ነፋስ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይንገራችሁ። ማዕበሉ ሲነሣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንከኛ ዳር ዳሩን ይይዛል። ነፋስ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ እህል አለ። የጎደለው ነገር ምንድን ነው ብዬ ሳስብ አንድ መልስ ብቻ መጣልኝ፤ ምንም አልጎደለም። ወፍጮውን የሚያዞር ጉልበት ቤት ውስጥ በነጻ ስለ ነበረ ነፋሱን ወደ ላይ አንጋጦ ያየው ሰው አልነበረም።

የእኛን ወፍጮ ልንገራችሁ። ከናንተ መካከል የከተማ ልጅ የሆነ ምናልባት በሆቴል በር ላይ ለጌጥ ተቀምጦ አይቶት ይሆናል። ሁለት ድንጋይ ነው። ትልቁ፣ ከታች ያለው፣ ወፍጮ ይባላል፤ ዘንበል ተደርጎ በጭቃና በድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣል። ትንሹ፣ በሁለት እጅ የሚያዘው፣ መጅ ይባላል። ፈጪዋ ከከፍታው በኩል ትንበረከካለች ወይም ጎንበስ ትላለች፤ እህሉን በእፍኝ እየቆነጠረች ከመጁ ፊት ትጥላለች፤ ከዚያ መላ ሰውነቷን ወደፊት ትጥላለች፣ ትመለሳለች፣ ትጥላለች፣ ትመለሳለች። ዱቄቱ በዝቅታው በኩል ይወርዳል። አንድ ጊዜ ሄዶ አይበቃውም። መጀመሪያ ይገረደፋል፣ ከዚያ ይፈጫል፣ ከዚያ ይሰለቃል። ለሽሮ የሚሆን አተር አስቀድሞ ይከካል። ብቅል በወጉ ነው፣ ዳጉሳ በወጉ ነው፣ ጤፍ በወጉ ነው። ጤፍ ጠላት ነው ትላለች እምዬ፤ «ዓይን የማይሞላ እህል፣ ክንድ ይጨርሳል።»

እንግዲህ ቃሉን እዩት። መጅ የላይኛው ድንጋይ ነው። በአማርኛችን ግን መጅ ሌላም ነገር ነው፤ ከሥራ ብዛት መዳፍ ላይ የሚወጣው ድርቅ ያለ ቆዳ ነው፤ «እጁ መጅ አወጣ» እንላለን። የትኛው ከየትኛው ስሙን እንደ ወሰደ መምህሮቻችን ይፍረዱ፤ እኔ ለጊዜው የእምዬን መዳፍ ከድንጋዩ ጋር አስተያይቼ ሁለቱ አንድ ስም ቢጋሩ አልደነቀኝም። የቀለም ልዩነት ብቻ ነው ያለው።

እምዬ የእናቴ እናት ናት። ያደገችውም የተዳረችውም ከጢስ ዓባይ ራቅ ብሎ፣ በአላታው ድንጋይ ድልድይ በኩል ተሻግሮ በሚገኝ መንደር ነው። ያ ድልድይ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሰውና አህያ ሲያሻግር የኖረ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ጉልበቱ ወደ ባሕር ዳር መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ፣ ፖሊ ቴክኒኩ ነበረ፣ ከተማው ራሱ ገና በእግሩ መቆሙ ነበር። ሁለተኛው ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ጨመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሲመረቅ የጢስ ዓባይ ነገር በሁለተኛ ደረጃ የሚጠራ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽቦው በእምዬ መንደር ራስ ላይ ያልፍ ነበር። እምዬ ሽቦው ሥር፣ በኩራዝ፣ ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ ትፈጭ ነበር። ፏፏቴው ሌሊት ሌሊት ይሰማታል። «ውሃው እዚያ ይጮሃል፣ እኔ እዚህ አጕረመርማለሁ» ትላለች። ማማረሯ አይደለም፤ እንደ ነበረ መንገሯ ነው። የማማረሩን ሥራ ለኔ ትታልኛለች።

በነገራችን ላይ የፈጪ እንጉርጉሮ በሥነ ቃል ትምህርታችን ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። ስንኙ ይቈጠራል፣ ቤቱ ይመታል፣ ስሜቱ ይተነተናል። ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ቀን እምዬን «ስትፈጪ ምን ትይ ነበር?» ብላት፣ «እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ያገኘሁትን እል ነበር» አለችኝ። ይህን በደብተሬ ጻፍኩት። ለፈተና አልመጣም።

ወፍጮ ያረጀ ዕቃ ነው። በአክሱም ዘመን ሰፈሮች ቁፋሮ ተገኝቷል። ሎሪ ኒክሰን ዳርከስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች በትግራይ ጉሎ መኸዳ አካባቢ ጥንታዊውን ድንጋይ ዛሬ ካሉ እናቶች ድንጋይ ጋር እያስተያዩ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት አለ። ጥያቄያቸውን የጠየቁት ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያሉትን ፈጪዎች ነው፤ ይህ ወድጄላቸዋለሁ። በግዕዝ ወፍጮን ማሕረጽ፣ ዱቄትን ሐሪጽ ይሉታል። መጽሐፍ ቅዱስን የገለጠ ሰው ደግሞ ወፍጮን ቢያንስ በሦስት ቦታ ያገኘዋል። ሶምሶን ዓይኑ ከጠፋ በኋላ የተቀጣው በወህኒ እንዲፈጭ ነው፤ ወንድ ልጅን ለማዋረድ የሴት ሥራ ተሰጠው። በማቴዎስ ወንጌል የመጨረሻው ቀን ሲነገር ሁለት ሴቶች በወፍጮ ላይ ናቸው፤ ዓለም ሲያልፍም እነሱ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሦስተኛው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ያለው ሕግ ነው፤ አበዳሪ የሰውን ወፍጮ ወይም መጁን መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ነፍሱን መውሰድ ነውና። መጁን ለብቻው መጥቀሱን ልብ በሉ። ሕጉን የጻፈው ሰው እናቱ ስትፈጭ አይቷል ማለት ነው።

የእኛም ታሪክ በዚሁ ዱቄት የተለወሰ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ጦር በስንቅ ነው የሄደው፤ ስንቁን የፈጩት ሴቶች ደግሞ ከጦሩ ጋር ተጉዘዋል፤ ድንጋዩም አብሮ ተሸክሟል፤ ድንጋይ በራሱ አይሄድም። የነጋሪቱ ስም፣ የፈረሱ ስም ተጽፎልን አለ። የፈጪዎቹን ስም የጻፈ ግን አላየሁም። በትልልቁ ቤት ደግሞ የሚፈጩት ገረዶችና ባሪያዎች ነበሩ። ባሪያ ማሳደር በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። እመቤቲቱ ባለሙያ ተብላ ስትመሰገን የተመሰገነው ክንድ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነበር።

አልፎንስ ዶዴ የሚባለው የፈረንሳይ ደራሲ አንድ አጭር ልብ ወለድ አለው፤ ስለ አንድ ሽማግሌ ባለ ነፋስ ወፍጮ። የእንፋሎት ወፍጮ አገሩ ገብቶ ደንበኞቹ ሁሉ ጥለውት ይሄዳሉ። የእሱ ወፍጮ ግን መዞሩን አያቆምም። አህያውም ከረጢት ተጭና ስትመላለስ ትታያለች። በኋላ ሲደረስበት ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፍርስራሽ ልስን ነው፤ ወፍጮው የሚዞረው ባዶውን ነው። መንደሩ አፍሮ ስንዴውን ይዞለት ይመጣል። እኛ ክፍል ይህን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ለሽማግሌው አዝኗል። እኔም አዝኛለሁ። ግን የፈረንሳዩ ሽማግሌ የሚሟገተው ነፋሱ ስለሚሠራለት ነው። እምዬ ወፍጮ ቤት መንደሯ የገባ ዕለት ባዶ ድንጋይ ስትገፋ ብትገኝ ያበደች ይሏት ነበር። እምዬ ያን ዕለት ያደረገችው ሌላ ነው፤ ስልቻዋን ተሸክማ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄደች፣ ወረፋ ጠብቃ አስፈጭታ ተመለሰች፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። «እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም» አለችኝ።

እምዬ ዕድሜዋ ሲገፋ እናቴ ወደ ፋሲሎ አመጣቻት። ከላም ከበሬዋ ተለየች፣ ከጎረቤቷ ተለየች፤ ወፍጮዋን ግን አልተውም አለች። በአይሱዙ ከእህል ጆንያ ጋር ተጭኖ መጣ። መጁን ለብቻው በነጠላዋ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ይዛ ነው የመጣችው፤ አውራጃ ሙሉ ያለፈች የታቦት ተሸካሚ ትመስል ነበር ይላል አጎቴ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ጓሮ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ኖረ። ሳሙናው አለሰለሰው።

ነገሩ የተነሣው በግቢያችን የባህል ሳምንት ዝግጅት ጊዜ ነው። አዘጋጆቹ ልጆች እኛ ቤት ወፍጮ እንዳለ ሰምተው መጡ። የሚሠራ ወፍጮ ነው የምንፈልገው አሉ፤ ቆሞ የሚታይ አይደለም። እስከዚህ ድረስ የሆላንዶቹን መንገድ ነው የያዙት፤ ደስ አለኝ። ቀጠሉና፣ «አንቺ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ሹሩባ ተሠርተሽ ትፈጫለሽ» አሉኝ። እኔም መለስኩ፦ ወፍጮው ይጠገናል፣ ይሠራል፤ የሚፈጨው ግን ኮሚቴው ነው፤ በየተራ። ተሳሳቁ። የቀለድኩ መሰላቸው።

ጥገናው እንዲህ ነው። ወፍጮ ሲለሰልስ አይፈጭም፤ እህሉ ያዳልጠዋል። ስለዚህ ይወቀራል፤ ፊቱ በብረት እየተመታ እንደገና እንዲሻክር ይደረጋል። መውቀር የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት የማውቀው ከላሊበላ ጋር ነበር። ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንላለን፤ ትግራይ ውስጥ ውቅሮ የሚባል ከተማ አለ። ድንጋይ ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ያወጣው ግስ እና የእምዬን ወፍጮ የሚያሻክረው ግስ አንድ ናቸው። አንደኛውን ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው በአውሮፕላን ይመጣል።

አስቀድሜ የሰፈራችንን ባለ ወፍጮ ጠየቅኋቸው። የእሳቸው ኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው፤ ድሮ በናፍጣ ነበር፣ የጭስ ማውጫው ቱክ ቱክ ሲል ከሩቅ ይሰማ ነበር። «ጋሼ፣ የእጅ ወፍጮ ይወቅሩልኛል?» ብላቸው ዱቄት የሞላውን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «የእኔንም እወቅራለሁ እኮ» አሉኝ። ለካ የኤሌክትሪኩም ወፍጮ ውስጥ ያለው ያው ሁለት ድንጋይ ነው፤ ሞተር ያዞረዋል እንጂ ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ እሱም ይለሰልሳል፣ እሱም ይወቀራል። ወፍጮ ቤት ሄደን «ዛሬ ድንጋይ እየተወቀረ ነው፣ ነገ ተመለሱ» ተብለን የተቈጣን ሁሉ ምን እንደ ተባልን አልገባንም ነበር ማለት ነው። ጋሼ መዶሻና ብረቱን ሰጡኝ። «እኔ ግን እዚያ አልገባም፤ የእናቶች ወፍጮ የእናቶች ነው፤ እሳቸው ያውቁበታል» አሉ።

እምዬ ብረቱን በእጇ መዘነችው፣ ከበደኝ አለች፣ ጓዳ ገብታ የራሷን ይዛ መጣች። ያም አብሯት መጥቶ ኖሯል። ጓሮ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ከጫፍ ጀምራ ወቀረችው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እየመታች በመዳፏ ትዳስሰዋለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ መዳፏ ግን ያያል። ጥልቅ ሲሆን ድንጋዩ ይበላል፣ ሳሳ ሲል እህሉ ያመልጣል። ትንሽ ትንሽ፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ። የሚዘለው ፍንጣሪ ዓይን እንዳይገባ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ገለባ ተፈጨበት፤ ከዚያ ጥሬ በቆሎ ተፈጨበት፤ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አለበትና ለዶሮ ተሰጠ። ሦስተኛው ጊዜ ነው ለሰው የሚሆነው።

እናቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ልብስ እያሰጣች ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችም። የእናቴ ዝምታ ምን እንደ ሆነ ቤተሰቡ ያውቃል። እናቴ ከአራተኛ ክፍል ነው ትምህርቷን ያቋረጠችው። የእምዬ ክንድ አንድ ክረምት አልታዘዝ ብሎ ነበር፤ ወንዶቹ ልጆች እርሻ አለባቸው፤ ቤቱ እንጀራ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እናቴ ከደብተሯ ተነሥታ መጁ ላይ ተቀመጠች። ክንዱ ዳነ፣ ትምህርቱ አልተመለሰም። እምዬ ሥራዋን ጨርሳ እጇን ስታራግፍ እናቴ የልብሱን ውሃ እየጨመቀች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ድንጋዩንስ ጠገናችሁት» አለች።

እምዬ ሰማች። ብረቷን አነሣች፣ ጓዳ ገባች። ማታ ቡና ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ፤ ሳይነጋገሩ። እኔ ልናገር የምችለው ነገር አልነበረኝም። እኔ በዚህ ቤት ከአራት ትውልድ መጅ የሌለው መዳፍ ይዤ የወጣሁ የመጀመሪያዋ ሴት ነኝ፤ ጣቴ ላይ ያለችው የብዕር ምልክት ናት፤ እሷም ባለፈው ዓመት ነው መታየት የጀመረችው። ይህ በነጻ የመጣ አይደለም። ለኔ የመጣው ሞተር ለእናቴ አሥር ዓመት ዘግይቶ ደርሷል። ሽቦው አልፎ ሲሄድ የተሻማው እህል አልነበረም፤ የአንዲት ልጅ አምስተኛ ክፍል ነበር።

በባህል ሳምንቱ ቀን ወፍጮው ከዛፍ ሥር ተተከለ። መደቡን የሠሩት የሲቪል ምሕንድስና ልጆች ናቸው፤ በውሃ ልክ ለክተው ፍጹም ቀጥ አደረጉት። እምዬ መጥታ አየችና፣ «ይሄ ወፍጮ ነው ወይስ ጠረጴዛ?» ብላ ከሥሩ ድንጋይ አስገብታ አዘነበለችው። ሦስት ጣሳ ጤፍ ቀረበ። ኮሚቴው ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ሊቀመንበሩ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። መጁን እንደ ብሎኬት ጨብጦ በክንዱ ብቻ ይገፋል፤ ጤፉ በግራ በቀኝ ይፈስሳል። እምዬ «በወገብህ፣ ልጄ፣ በወገብህ! ክንድ ብቻውን ምን ይሆናል!» እያለች ከላይ ታርማለች። ተመልካቹ መጀመሪያ ፎቶ ያነሣ ነበር፤ በኋላ ፎቶው ቀረና ወረፋ ሆነ። ስፖርተኞች መጡ። ክብደት የሚያነሣ አንድ የማውቀው ልጅ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ላቡ አገጩ ላይ ወርዶ መጁ ላይ ተንጠባጠበ፤ እምዬ «የላብ እንጀራ የሚባለው ይኸ ነው» ብላ ሳቀች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የተገኘው ዱቄት አንድ ጣሳ አይሞላም፤ እሱም ገርዳፋ። እምዬ በጣቷ ፈትጋ አየችው፤ «ለገንፎም አይሆን» አለች።

ከሴቶቹ ተማሪዎች መካከል አንዷ፣ የሰከላ ልጅ፣ ሳትጠየቅ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ጸጉሯን በሻሽ አሰረች፣ ተንበረከከች። የማታውቅ መስሎን ነበር። መጁ እጇ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ተለወጠ፤ የጋጋታው ድምፅ ቀረና አንድ ወጥ የሆነ፣ ሄዶ የሚመለስ ድምፅ ሆነ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዱቄቱ እንደ ጭስ ወረደ። አንዲት ጣሳ ያህል ፈጭታ ተነሣች፤ አጨበጨብንላት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ለዚህ አታጨብጭቡልኝ» አለችና ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ክርክር አለ። ግማሹ እንዲህ ያለውን የመከራ ዕቃ ለምን እንጠግናለን ይላል። ግማሹ ቅርስ ነው፣ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ ይላል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። የነፋስ ወፍጮን ስትጠግን ነፋሱ አይጎዳም፤ ነፋሱ አይደክምም፣ ትምህርት ቤትም አያቋርጥም። የእጅ ወፍጮን ስትጠግን ግን ጉልበቱም አብሮ ይጠራል። ስለዚህ የሚሠራ ይሁን ከተባለ የሚፈጨው ሰው ይታወቅ፤ አጥር ውጭ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣው ሰው በየተራው ይንበርከክ፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ወፍጮ ቆንጆ ድንጋይ ነው፤ ስለ እናቴ አራተኛ ክፍል አንድም ነገር አይናገርም። ይህን ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ «ይታያል» ብለውኛል።

ወፍጮው ለጊዜው ግቢ ውስጥ በአንድ ዕቃ ቤት አለ። መጁ ግን ፋሲሎ ነው። እምዬ ያን ቀን ማታ በነጠላዋ ጠቅልላ መለሰችው፤ አሁን የእናቴ የጠላ ጋን ክዳን ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑን ይጫናል። አንድ የኮሚቴ ልጅ ሊወስደው ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እናቴ አስገባችው፣ አስቀመጠችው፣ ጠላ ቀዳችለት። ክዳኑን ስትገልጥ መጁን አንሥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። «የሚወሰደው ከፈጪው ጋር ነው» አለችው። «ማን ነው ፈጪው?»

ልጁ ጠላውን ይዞ፣ መጁን ታቅፎ፣ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መጽሐፌን እያነበብኩ ነበር።